የሰባቱ ድልድዮች እንቆቅልሽ፦ የስደተኛው ሊቅ የሊዮናርድ ኦይለር ሕይወት

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ ለ10ኛው ዓመት በዓል እትም አእምሮ የሚያፍታታ የእንቆቅልሽ ገጽ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸውን ጥቂት እንቆቅልሾች ሰብስቤ፣ መልሳቸውን ከገጹ ግርጌ ገልብጬ ጽፌ ላስረክብ አሰብኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ይህ ሰው በጨዋታ የተጠየቀውን የአንድ ከተማ እንቆቅልሽ አንሥቶ አዲስ የሒሳብ ዘርፍ የከፈተ፣ ከተወለደበት አገር 20 ዓመት ሊሞላው ሲል ወጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተመለሰ ስደተኛ ነው። ስለዚህ ኮሚቴውን ይቅርታ ጠይቄ፣ እንቆቅልሾቹን ከነባለቤታቸው ይዤ መጥቻለሁ።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልናገር። በዚህች ከተማ ታክሲ እየነዳሁ የምተዳደር፣ ዕድሜዬ በአርባዎቹ ውስጥ የሚገኝ ሰው ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ነበርኩ፤ ሦስተኛውን ዓመት ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። የኦይለርን ስም መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ልጅነትና የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት

ሊዮናርድ ኦይለር ኤፕሪል 15 ቀን 1707 በስዊዘርላንድ፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓውል ኦይለር የፕሮቴስታንት ቄስ ሲሆን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ለከተማዋ ቅርብ ወደሆነችው ወደ ሪኸን መንደር ተዛውሮ በዚያ አገልግሏል። የአባትየው ምኞት ልጁ የእሱን ፈለግ ተከትሎ ቄስ እንዲሆን ነበር። ሆኖም ፓውል ራሱ በወጣትነቱ ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከያኮብ በርኑሊ ዘንድ ትምህርት የቀመሰ ሰው ስለነበር፣ የመጀመሪያውን የሒሳብ ትምህርት ለልጁ ያስተማረው እሱ ነው።

ልጁ በ13 ዓመቱ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያን ጊዜ የያኮብ ወንድም ዮሐን በርኑሊ በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። ዮሐን ሥራ የበዛበት ሰው በመሆኑ ለወጣቱ የግል ትምህርት ሊሰጠው አልቻለም፤ ነገር ግን ከባድ መጻሕፍትን ራሱ እያነበበ፣ ያልገባው ነገር ሲኖር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ እንዲጠይቀው ፈቀደለት። ኦይለር በሳምንቱ ውስጥ ለብቻው ይታገልና፣ መምህሩን ላለማስቸገር ሲል ጥያቄዎቹን በተቻለው መጠን ራሱ ፈትቶ ይጨርሳቸው ነበር። እንቆቅልሽን ለብቻ የመፍታት ልማዱ ከዚህ የጀመረ ይመስለኛል።

ልጁ በአባቱ ፈቃድ የነገረ መለኮት፣ የግሪክና የዕብራይስጥ ትምህርት ቢጀምርም ልቡ ሒሳብ ላይ ነበር። በመጨረሻ ዮሐን በርኑሊ አባትየውን አግባብቶ ልጁ ወደ ሒሳብ እንዲያመራ አስፈቀደለት። ኦይለር ሃይማኖቱን ግን ዕድሜውን ሙሉ አልተወም፤ በቤቱ ውስጥ ቤተሰቡን ሰብስቦ ጸሎት የሚያደርስ ሰው ሆኖ ኖሯል።

የስደት መንገድ

በ1727 ዓ.ም. በባዝል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርነት ቦታ ተከፈተና ኦይለር አመለከተ፤ ቦታውን ግን አላገኘም። ዕድሜው ገና 19 ነበር። በዚያው ዘመን የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ ያቀደው የሳይንስ አካዳሚ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተቋቁሞ ከአውሮፓ ሊቃውንትን ይቀጥር ነበር። የዮሐን በርኑሊ ልጆች ኒኮላውስና ዳንኤል ቀድመው ወደዚያ ሄደው ስለነበር የጓደኛቸውን ስም አነሡ። ክፍት የነበረው ቦታ ግን የሒሳብ ሳይሆን የሰውነት አካላትን ሥራ የሚመለከት የሕክምና ዘርፍ ነበር። ኦይለር ቅር ሳይለው የሕክምና መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ከአገር ለመውጣት ያልተማረውን ሙያ ተማርኩ ብሎ ፎርም መሙላት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም ማለት ነው።

በኤፕሪል ወር 1727 ከባዝል ተነሣ። በራይን ወንዝ በጀልባ፣ ከዚያ በጋሪ፣ በመጨረሻም በባሕር መርከብ ተጉዞ በግንቦት ወር ሴንት ፒተርስበርግ ደረሰ። በደረሰበት ሰሞን አካዳሚውን የምትደግፈው ንግሥት ካትሪን 1ኛ ሞተች፤ ከእሷ በኋላ ሥልጣን የያዙት ሰዎች ለውጭ አገር ሊቃውንት ብዙም ፍቅር አልነበራቸውም። ወጣቱ ስደተኛ የእንጀራ ነገር አስጨንቆት ለጥቂት ዓመታት በሩሲያ ባሕር ኃይል ውስጥ በሕክምና ሹምነት አገልግሏል። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተስተካከለ፤ በ1730 የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1733 ደግሞ ዳንኤል በርኑሊ ብርዱና የኑሮው ሁኔታ አልስማማው ብሎ ወደ ባዝል ሲመለስ የሒሳቡን ወንበር ወረሰ። ዳንኤል ተመለሰ፤ ኦይለር ቀረ። ብዙ የውጭ አገር ባልደረቦቹ ሩሲያኛ ለመማር ሳይደክሙ ሲኖሩ እሱ ቋንቋውን አጥንቶ ይናገርና ይጽፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኦይለር ወደ ከተማዋ በገባበት በ1727፣ በዚያው የሥልጣን ለውጥ ምክንያት አንድ ጥቁር የጦር መሐንዲስ ከከተማዋ ወደ ሳይቤሪያ ተልኮ ነበር። ይህ ሰው ታላቁ ጴጥሮስ ያሳደገው፣ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ አሠራር የጻፈው፣ የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ነው። በልማድ ከእኛ አካባቢ እንደሄደ ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ የተወለደው በቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያች ብርዳም ከተማ ከሩቅ የመጣ የሒሳብ ሰው ኦይለር ብቻ እንዳልነበረ ማወቁ ደስ ይላል።

በ1734 ኦይለር እንደሱ ከስዊዘርላንድ የመጣ የአንድ ሠዓሊ ልጅ የሆነችውን ካታሪና ግዜልን አገባ። 13 ልጆች ወለዱ፤ ከልጅነት ያለፉት ግን 5 ብቻ ናቸው። ሕፃን በእቅፉ ይዞ፣ ሌሎቹ በእግሩ ሥር እየተጫወቱ ከባድ ሒሳብ ይጽፍ እንደነበር የሚያውቁት መስክረዋል።

ሁለት እንቆቅልሾች በአንድ ዓመት

1735 ለኦይለር የድል ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ድል የባዝል እንቆቅልሽ ተብሎ የሚታወቀው ነው። አንድን ሙሉ ቁጥር ውሰድ፤ አንድ አራተኛ ጨምርበት፤ ከዚያ አንድ ዘጠነኛ፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ አንድ ሃያ አምስተኛ፣ እንዲህ እያልክ ያለ ማቋረጥ ብትቀጥል ድምሩ ስንት ላይ ይደርሳል? ጥያቄው ከ1650 ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያስቸግር ቆይቷል፤ የአባቱ መምህር ያኮብ በርኑሊም ሞክሮ አልሆነለትም። ኦይለር ድምሩ ለክብ የምንጠቀምበት ፓይ በራሱ ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም ከ1.64 ጥቂት የሚበልጥ ቁጥር መሆኑን አገኘ። ክብ በሌለበት ቦታ የክብ ቁጥር ብቅ ማለቱ መላውን አውሮፓ አስገረመ። ዕድሜው 28 ነበር።

ሁለተኛው ለገጻችን ዋነኛው ነው። በፕሩሲያ ግዛት፣ በፕረጌል ወንዝ ላይ ኮኒግስበርግ የምትባል ከተማ ነበረች። ወንዙ በከተማዋ መካከል ሲያልፍ ክናይፕሆፍ የተባለች ደሴት ይሠራል፤ ከዚያም ለሁለት ተከፍሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከተማዋ በአራት የተከፈለች ነበረች፤ ሰሜኑ ዳር፣ ደቡቡ ዳር፣ ደሴቲቱና በሁለቱ የወንዝ ክንዶች መካከል ያለው ምሥራቃዊ ቦታ። እነዚህን አራት ሰፈሮች 7 ድልድዮች ያገናኟቸዋል። ከደሴቲቱ ወደ ሰሜን 2፣ ወደ ደቡብ 2፣ ወደ ምሥራቅ 1፤ ከምሥራቁ ቦታ ደግሞ ወደ ሰሜን 1፣ ወደ ደቡብ 1። የከተማዋ ነዋሪዎች ለሽርሽር ሲወጡ አንድ ጥያቄ ያነሡ ነበር፤ ሰባቱንም ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ ይቻላልን? የተሳካለት አልነበረም፤ የማይቻል መሆኑንም ያረጋገጠ አልነበረም።

ጥያቄው ወደ ኦይለር በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ ከሒሳብ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም አልታየውም ነበር፤ ማንም አስተዋይ ሰው ሊፈታው የሚችል መስሎት ነበር። ኋላ ግን ሲያስብበት ነገሩ እስከዚያ ጊዜ ከነበረው ጂኦሜትሪ የተለየ ሆኖ አገኘው። እዚህ ርቀት አይለካም፣ ማዕዘን አይሰላም፤ የሚያስፈልገው ምን ከምን ጋር ይገናኛል የሚለው ብቻ ነው። መፍትሔውን በኦገስት 1735 ለአካዳሚው አቀረበ፤ ጽሑፉ በ1741 ታተመ።

እስቲ ሐሳቡን በእኛ አነጋገር እንየው። በመንገድህ መካከል ወደምታልፍበት ማንኛውም ሰፈር በአንድ ድልድይ ትገባለህ፣ በሌላ ድልድይ ትወጣለህ። እንደገና ብትመጣ እንደገና ሁለት ድልድይ ትጨርሳለህ። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ድልድዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ማለቅ አለባቸው። ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነ ሰፈር ካለ፣ ወይ ጉዞህ የጀመረበት ወይ ያለቀበት መሆን አለበት። መነሻ አንድ ነው፣ መድረሻም አንድ ነው፤ እንግዲህ ጎዶሎ ድልድይ ያላቸው ሰፈሮች ከሁለት ሊበልጡ አይችሉም። በኮኒግስበርግ ግን ደሴቲቱ 5፣ ሌሎቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 3 ድልድይ አላቸው። አራቱም ጎዶሎ ናቸው። ስለዚህ መንገዱ የለም፤ ዓመት ሙሉ ቢዞሩ አይገኝም።

ይህ አጭር ማስረጃ ነጥቦችንና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮችን የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ መነሻ ሆነ። የስልክ መስመር፣ የአውሮፕላን በረራ፣ የኢንተርኔት ግንኙነት ሁሉ ዛሬ በዚህ ትምህርት ይጠናል። በታክሲዬ መስታወት ላይ የተለጠፈው ስልክ አጭሩን መንገድ ሲመርጥልኝ ከተማውን እንደ ነጥብና መስመር አድርጎ ነው የሚያየው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጥዬ የሸሸሁት ትምህርት መሪው ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

በአንድ የክረምት ሌሊት በኤርፖርቱ የታክሲ ተራ ስንጠብቅ ይህን እንቆቅልሽ በናፕኪን ላይ ሥዬ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ሁላችን በእስክሪብቶ ስንደልዝ ቆየን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆዩ፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሾፌር ቡናቸውን እየጠጡ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ መግቢያ ያለው ሰፈር ሁሉ መውጫ ይፈልጋል፣ ይኼ ግን መውጫው የጎደለበት ሰፈር ስለበዛ አትልፉ አሉን። ኦይለር ለአካዳሚው ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። እኔ ግን ዲግሪ ሳልይዝ ስለቀረሁ አእምሮዬ ያለቀለት ይመስለኝ የነበረውን ሐሳብ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ትቼዋለሁ።

ለቤት ልጆች የሚሆን ሙከራ ይኸውና። አራት ማዕዘን ሣሉ፤ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች በውስጡ አስምሩ፤ በላዩ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ የተከፈተ ፖስታ ይመስላል። ይህን ሥዕል እስክሪብቶ ሳታነሡና መስመር ሳትደግሙ መሣል ይቻላል፤ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ግን የኦይለር ሕግ ይነግራችኋል። ጣሪያው ከተነሣ ደግሞ አይቻልም። ለምን እንደሆነ ማዕዘኖቹን ቆጥራችሁ ድረሱበት።

ዓይኑን ያጣው ሰው

በዚያው በ1735 ኦይለር በከባድ ትኩሳት ታሞ ለሞት ደርሶ ተረፈ። በ1738 ደግሞ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። ለሩሲያ ካርታ ዝግጅት ሌት ተቀን ይሠራ ስለነበር እሱ ራሱ ምክንያቱ የካርታው ድካም ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የዘመናችን ሐኪሞች ግን የበሽታ መዘዝ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

በ1741 በሩሲያ የፖለቲካው ሁኔታ ሲደፈርስ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ያቀረበለትን ጥሪ ተቀብሎ ወደ በርሊን ሄደ። በዚያም 25 ዓመት ኖረ። በበርሊን ሳለ አባቱ በ1745 በስዊዘርላንድ ሞተ። በ1750 ኦይለር እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ተጉዞ እናቱን ተቀበለና ወደ ቤቱ አመጣት፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1761 ከእሱ ጋር ኖረች። እናቱን ወይም አባቱን ለማምጣት በየቢሮው የተመላለሰ ሁሉ ይህን የሕይወቱን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ከንጉሡ ጋር ግን አልተስማሙም። ፍሬድሪክ የፈረንሳይ ምላስ ያላቸውን ተጫዋች ፈላስፎች ይወድ ነበር፤ ኦይለር ደግሞ ሃይማኖተኛ፣ ጭምት፣ ንግግር የማያስጌጥ የቄስ ልጅ ነበር። ንጉሡ በአንድ ዓይንነቱ እስከመቀለድ ደረሰ። ይሁንና ኦይለር ሥራውን አላቋረጠም። ከ1760 እስከ 1762 ለአንዲት ወጣት ልዕልት ስለ ብርሃን፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ስበትና ስለ አስተሳሰብ ሥርዓት ከ200 በላይ ደብዳቤዎች ጽፏል፤ ደብዳቤዎቹ ኋላ ታትመው ሒሳብ ያልተማሩ ሰዎች በብዙ ቋንቋ አንብበዋቸዋል።

በበርሊን ዘመኑ የሠራው ሌላው እንቆቅልሽ የቼዝ ነው። ቼዝ ወይም ሰንጠረዥ የምትጫወቱ ታውቃላችሁ፤ ፈረሱ ሁለት ቤት ሄዶ አንድ ወደ ጎን ይዞራል። ይህ ፈረስ 64ቱንም ቤቶች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ መጨረስ ይችላልን? ጥያቄው ከኦይለር በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የነበረ ሲሆን ሰዎች በዕድልና በሙከራ ነበር የሚፈቱት። ኦይለር በ1759 መንገዱን በሥርዓት የሚገኝበትን ዘዴ አቀረበ። መጀመሪያ እንደ መጣልህ ሂድና የቀሩትን ቤቶች ተመልከት፤ ከዚያ የሄድክበትን ሰንሰለት ቆርጠህ በሌላ ቦታ እየቀጠልክ የቀሩትን አስገባቸው። ተሳሳትኩ ብሎ ሁሉን ከማፍረስ ያለውን ማቃናት እንደሚሻል የሚያስተምር ዘዴ ነው።

የጨለማው ዘመንና የአገር ልጅ ትከሻ

በ1766 ኦይለር በካትሪን 2ኛ ጥሪ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ፤ ዕድሜው 59 ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቀረችው የግራ ዓይኑ በሞራ ተሸፈነች። በ1771 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለጥቂት ቀናት ብርሃን ቢያይም ቁስሉ አመረቀዘና ጨርሶ ታወረ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ኦይለር ግን የማስታወስ ችሎታው የሚያስደንቅ ስለነበር ስሌቱን በአእምሮው እየሠራ ለሌሎች ያጽፍ ጀመር። በ1770 በጀርመንኛ የታተመውን የአልጀብራ መጽሐፉን ያጻፈው የልብስ ሰፊ ተለማማጅ ለነበረ አንድ ወጣት አገልጋይ ነው፤ ወጣቱ ሲጽፍ ሲጽፍ አልጀብራውን ራሱ እንደቻለው ይነገራል። ከ850 በላይ ከሚቆጠሩት ሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ የተሠሩት በዚህ በሁለተኛው የሩሲያ ዘመኑ ነው።

ከዚያ መጽሐፍ አንድ የገበያ እንቆቅልሽ በራሴ አነጋገር ላቅርብላችሁ። ሁለት የገጠር ሴቶች በአንድነት 100 እንቁላል ይዘው ገበያ ወጡ። የአንደኛዋ ከሌላዋ ይበልጣል። እያንዳንዷ በራሷ ዋጋ ሸጠች፤ ሲቆጥሩት ግን ሁለቱም እኩል ገንዘብ አግኝተዋል። የመጀመሪያዋ የጓደኛዋን እንቁላሎች በራሷ ዋጋ ብትሸጥ ኖሮ 15 ሳንቲም ታገኝ ነበር። ሁለተኛዋ ደግሞ የመጀመሪያዋን እንቁላሎች በራሷ ዋጋ ብትሸጥ ኖሮ 6 ከ2/3 ሳንቲም ታገኝ ነበር። እያንዳንዷ ስንት እንቁላል ይዛ ነበር? መልሱን ከጽሑፉ መጨረሻ ታገኙታላችሁ፤ እስከዚያው አትዩት።

በ1771 በሴንት ፒተርስበርግ ከባድ የእሳት አደጋ ደረሰ። የኦይለር የእንጨት ቤትም ተያያዘ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ መውጫው ጠፍቶት በነበረበት ሰዓት፣ ፔተር ግሪም የተባለ በከተማዋ የሚኖር የእጅ ሙያተኛ በእሳቱ መካከል ገብቶ በትከሻው ተሸክሞ አወጣው። ይህ ሰው የባዝል ልጅ ነበር፤ የኦይለር የአገሩ ሰው። ቤቱ ተቃጠለ፤ አብዛኞቹ ጽሑፎቹ ግን ተረፉ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ኦይለር በሁለት ነገሥታት አካዳሚ የተከበረ፣ ስሙ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። ቤቱ ሲቃጠል ግን በትከሻው የተሸከመው ከአንድ ወንዝ ውሃ የጠጣ አንድ ሙያተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ዓይን ሆኖ እንዲያነብለትና እንዲጽፍለት የመጣው ወጣት ኒኮላስ ፉስ እንዲሁ የባዝል ልጅ ነበር፤ መምህሩን እስከ መጨረሻው አገልግሎ ኋላ የልጅ ልጁን አገባ።

ሠላሳ ስድስቱ መኮንኖች

በ1773 ባለቤቱ ካታሪና ሞተች፤ በ1776 የእሷን እኅት፣ በአባት የምትገናኛትን፣ አገባ። ማየት በማይችልበት በዚህ የእርጅና ዘመኑ አንድ የመጨረሻ ታላቅ እንቆቅልሽ ለዓለም ተወ። በ1779 ለአካዳሚው ያቀረበው ይህ ጥያቄ እንዲህ ነው። ከ6 ክፍለ ጦር፣ ከእያንዳንዱ 6 የተለያየ ማዕረግ ያላቸው መኮንኖች ይመጣሉ፤ ጠቅላላ 36። በ6 ረድፍና በ6 ዓምድ ይሰለፉ፤ ነገር ግን በየትኛውም ረድፍ ሆነ ዓምድ ከአንድ ክፍለ ጦር ሁለት ሰው፣ ወይም ከአንድ ማዕረግ ሁለት ሰው እንዳይገኝ።

ነገሩን በትንሹ በካርታ ጨዋታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አራቱን አሶች፣ አራቱን ንጉሦች፣ አራቱን ንግሥቶችና አራቱን ወታደሮች አውጡና 4 በ4 ደርድሯቸው፤ በየረድፉና በየዓምዱ የአንድ ዓይነት ካርታም ሆነ የአንድ አበባ ድግግሞሽ እንዳይኖር። ይህ ይቻላል። በ5ም ይቻላል። በ6 ግን ኦይለር እንደማይቻል ገመተ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። የማይቻል መሆኑን በ1901 ጋስቶን ታሪ የተባለ ፈረንሳዊ እያንዳንዱን ሁኔታ ለይቶ በመመርመር አረጋገጠ። ኦይለር በ10፣ በ14፣ በ18ና እንዲህ እየቀጠሉ በሚሄዱት ቁጥሮችም አይቻልም ብሎ ገምቶ ነበር። በዚህኛው ተሳስቷል፤ በ1959 እና በ1960 ቦዝ፣ ሽሪካንዴና ፓርከር የተባሉ ሦስት ሊቃውንት እንደሚቻል አሳዩ። ታላቅ ሰው ሲሳሳት እንኳ ለ180 ዓመት የሚበቃ ሥራ ለሌላው ትቶ ያልፋል።

በጥናቱ የተጠቀመበት፣ በየረድፉና በየዓምዱ ምልክት የማይደገምበት ሰንጠረዥ በላቲን ፊደላት ስለጻፈው የላቲን ካሬ ይባላል። በ1979 በአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣውና በኋላ በጃፓን ሱዶኩ የተባለው ጨዋታ፣ ይኸው ካሬ ላይ የ3 በ3 ሳጥን ሕግ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ተራ ስንጠብቅ ሱዶኩ የምንሞላ ሾፌሮች ከኦይለር ቤት ነው የምንውለው ማለት ነው።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ኦይለር ከቤተሰቡ ጋር ምሳ በልቶ፣ በቅርቡ ስለተገኘችው ስለ ፕላኔቷ ዩራኑስ ከባልደረባው ጋር ሲወያይ ከዋለ በኋላ በድንገት በአንጎል ደም መፍሰስ ወድቆ በዚያው ዕለት ሞተ። ዕድሜው 76 ነበር። በሴንት ፒተርስበርግ ተቀበረ። አካዳሚው የተዋቸውን ጽሑፎች ለማተም ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ሥራዎቹ ተሰብስበው ሲታተሙም ከ80 ቅጽ በላይ ሆነዋል። በ19 ዓመቱ የመምህርነት ቦታ ያልሰጠችው አገሩ ስዊዘርላንድ በአንድ ወቅት ሥዕሉን በ10 ፍራንክ ገንዘቧ ላይ አትማ ነበር። ኮኒግስበርግም በ1944 በቦምብ ተደብድባ፣ ከ1946 ጀምሮ ካሊኒንግራድ ተብላ የሩሲያ ከተማ ሆናለች። ከሰባቱ ድልድዮች ሁለቱ በጦርነቱ ፈረሱ። በቀድሞዎቹ ቦታዎች ላይ ያሉትን አምስት መሻገሪያዎች ብቻ ብንቆጥር፣ ከአንዱ ደሴት ጀምሮ በሌላው መጨረስ ይቻላል። ያልተፈታው መንገድ የተከፈተው ድልድዮቹ በመፍረሳቸው መሆኑ የሚያሳዝንም የሚያስገርምም ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ባህል እንቆቅልሽ የተጠየቀና መልሱ የጠፋው ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ጠያቂውም የተሰጠውን እየናቀ፣ የሚወደው አገር እስኪሰጠው ድረስ ይከራከራል። ኦይለር ሁለት አገር ተሰጥቶት በሁለቱም ኖረ፤ ሁለቱንም በሥራው ከፈላቸው። እኛም በተሰጠን አገር እየኖርን ነው። የእሱን ያህል የምንተወው ባይኖረን፣ እንደ ፔተር ግሪም ትከሻ መሆን ግን እንችላለን። ማኅበራችን ባለፉት 10 ዓመታት ሐዘን በደረሰበት፣ ሥራ ባጣ፣ በታመመ ሰው ቤት ሲገባ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለሚቀጥሉት 10 ዓመታትም ያዝልቅልን።

የእንቁላሉ እንቆቅልሽ መልስ፦ የመጀመሪያዋ 40፣ ሁለተኛዋ 60 እንቁላል ይዘው ነበር። የመጀመሪያዋ አራቱን በ1 ሳንቲም፣ ሁለተኛዋ ስድስቱን በ1 ሳንቲም ስለሸጡ ሁለቱም 10፣ 10 ሳንቲም አገኙ። ከልጆቻችሁ ጋር ፈትሹት፤ ቀድመዋችሁ ካገኙት አገር ስጧቸው።